«መስሎኝ» የማይሠራበት መንገድ፦ የከሰል ማዕድን ውስጥ ስላለው ማመላለሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር የከሰል ማዕድን የላትም። ጥያቄው ግን አለ። እኔ ለዓመታት የድንጋይ ካባ ላይ ገልባጭ መኪና ስመራ ኖሬያለሁ። አሁን ከባድ መሣሪያ አጠገብ ለሚሠሩ ሰዎች የደኅንነት ሥልጠና እሰጣለሁ። ሐይቁ ዳር ቡና ልጠጣ ስቀመጥ እንኳ የሚጠይቀኝ አላጣም። አንዱ ጂኦሎጂ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ነው። ሌላው የሲኖትራክ ሹፌር ነው፤ ከመሬት በታች የተሻለ ይከፈላል ሲባል ሰምቷል። ልጃቸው ሊሄድባቸው የተነሣ እናትም መጥተው ያውቃሉ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ስለ ጣሪያ መደርመስና ስለ ጋዝ ፍንዳታ ሌላ ጊዜ እናወራለን። እዚህ ያለው ከሰሉንና ሰውን ስለሚያመላልሰው ነገር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። «ከሰል» ስል ቡና የምናፈላበትን የእንጨት ከሰል ማለቴ አይደለም። የድንጋይ ከሰሉን ነው።

እኛ አገር ከሰል የሚወጣው ከላይ ተቆፍሮ አይደል? ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?

ልክ ነው፣ አብዛኛው ከላይ አፈሩ ተገፎ ነው የሚወጣው። ግን ከሰል ሁልጊዜ ላይ ላዩን አይገኝም። ከጣና ሰሜን ምዕራብ፣ ጭልጋ አካባቢ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የተኛ ከሰል እንዳለ ጂኦሎጂ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ከሰሉ ወደ ጥልቀት ሲወርድ ሰውም ተከትሎት ይወርዳል። ደግሞም ለሥራ ውጭ አገር የሚሄደው ልጅ ብዙ ነው።

ከመሬት በታች መሥራት ለእኛ አካባቢ ባዳ ነገርም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋት ጣና በለስ ውኃውን ከሐይቁ የሚቀበለው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ነው። ያን ያህል ዋሻ ሲቆፈር ድንጋዩ በጠባብ መንገድ ነው የሚወጣው። ሰውም የሚገባው በዚያው ነው። ከሰል ማዕድንም እንደዚያው ነው፤ ጠባብ፣ ጨለማ፣ ሰውና ማሽን የሚጋፉበት።

ሲኖትራክ ስነዳ ኖሬያለሁ። ምን አዲስ ነገር አለው?

ብዙ። ካባ ላይ ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከሩቅ ያያል። ብዙ የከሰል ማዕድኖች ውስጥ ከሰሉን የሚያመላልሰው ግን ሻትል ካር የሚባል ማሽን ነው። ከሰሉን ከሚቆርጠው ማሽን ይቀበላል፣ ቀበቶው ጋ፣ ማለትም በሮለር (በሚሽከረከር ብረት) ላይ እየሄደ ከሰሉን የሚያጓጉዘው ረጅም ቀበቶ ጋ ወስዶ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ እንደ ታክሲ ምልልስ ነው። ዝርግና ረጅም ነው። ሹፌሩ የሚቀመጠው ጎኑ ላይ ነው። የማሽኑን ከፍታ የሚወስነው የከሰሉ ውፍረት ነው። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚያ ሹፌሩ በጀርባው ሊተኛ ምንም አይቀረው። እግረኛው ደግሞ ጎብጦ ወይም በጉልበቱ ድኾ ነው የሚሄደው። ከሰሉ ከተሞላ በኋላ በወዲያኛው ጎን ያለ ሰው ለሹፌሩ ጨርሶ አይታየውም። ማሽኑ ከነጭነቱ 30 ቶን ሊጠጋ ይችላል።

መዞሪያ ቦታም የለም። ስለዚህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይሄዳል። ቆሞ ሳለ በየት በኩል እንደሚነሣ ከቅርጹ አታውቁም።

ገመዱም አለ። ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት፤ ወፍራም የመብራት ገመድ ይጎትታሉ። ገመዱ መሬት ላይ ተኝቶ ሰላማዊ ይመስላል። ማሽኑ ሲነሣ ግን በአንዴ ይወጠራል። ገመዱ በሚታጠፍበት በኩል ውስጡ የቆመ ሰው ካለ ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ማሽን ሲሄድበት ሽፋኑ ይላጥና ኤሌክትሪክ ይይዛል። አትራመዱበት፣ በባዶ እጅም አታንሡት።

ሲኖትራክን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ቢሆንም ሲመጣ ጥግ ትይዙለታላችሁ፣ ያልፋል። እዚያ ግን ወጥመዱ ጥጉ ራሱ ነው።

እንዴት? ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ አይቻልም?

ይህን የማይጠይቀኝ የለም። መኪና ሲመጣ ጥግ መያዝ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ከመሬት በታች ግን በማሽንና በግድግዳ መካከል መቆም ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው። ረጅም ማሽን ሲታጠፍ ጭራው ወደ ውጭ ይወረወራል። ወለሉ ጭቃ ከሆነ ይንሸራተታል። ሹፌሩ ትንሽ ጠርዝ ቢነካ አቅጣጫው ይዞራል። እናንተን የሚያስገባው ክፍተት በሰከንድ ውስጥ ይዘጋል፤ ግድግዳው ደግሞ ወደ ኋላ አይልላችሁም።

ታዲያ የት ይቆማል? ሀዲድ ባለበት መንገድ ለዚሁ ሲባል ግድግዳው ውስጥ የተቆፈሩ መጠለያዎች አሉ። በአሜሪካ መመሪያ ከአንዱ መጠለያ እስከ ሌላው ከ32 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ጥልቀቱም ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ነው። ከሀዲዱ በአንደኛው ጎንም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይተዋል። ስትራመዱ በዚያ በኩል ነው። መጠለያው ውስጥ ደግሞ ዕቃ አይከመርም። ሲሚንቶና ብረት የተከመረበት መጠለያ ካያችሁ ያ ማዕድን ምን እንደሚመስል ገብቷችኋል ማለት ነው።

ሀዲድ በሌለበት ደግሞ ወደ መስቀለኛው መተላለፊያ ገባ በሉ። ማዕዘኑ ላይ አይደለም፣ ወደ ውስጥ። ማዕዘኑ ማሽኑ የሚታጠፍበት ነው።

ስለ መጋረጃም ልጨምር፤ ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ሰው ይገድላል። ንጹሕ አየር ከሰሉ እስከሚቆረጥበት ድረስ እንዲደርስ መተላለፊያዎች ላይ ሰፋፊ መጋረጃ ይሰቀላል። ማሽኑ መጋረጃውን ገፍቶ ያልፋል። ከጀርባው ሰው ካለ ሹፌሩ የሚያውቀው ከመታው በኋላ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከመጋረጃ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ክላክስ ያደርጋል። እግረኛው ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ አያወራም፣ አያርፍም፣ ሲጋራ... ይቅርታ፣ ሲጋራና ክብሪትማ ጭራሹኑ ወደ ከሰል ማዕድን አይገባም። ከመጋረጃ ጀርባ መደበቅ ለሕፃናት ጨዋታ ነው። የተሻሉ ማዕድኖች ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ግልጽ ፕላስቲክ ይሰቅላሉ።

ሹፌሩ ካየኝ ግን ችግር የለም፣ አይደል?

እንዳያችሁ በምን አወቃችሁ?

አንድ ካባ ላይ ስሠራ አንድ ረዳት ለጥቂት ተርፏል። ገልባጩ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ልጁ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ ብሏል። ሹፌሩ ጓደኛው ነው፤ ጠዋት አብረው ፉል በልተዋል። የምመራው እኔ ነበርኩ። እጄን አነሣሁ። ሹፌሩ የሚያየው የግራውን መስታወት ነው፤ እኔ የቆምኩት በቀኝ ነው። ጮህኩ፣ አይሰማም። ሮጬ በሩን በድንጋይ ስደበድበው ነው የቆመው። ጎማው ከልጁ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር።

ልጁን ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «እያየኝ መስሎኝ» አለ። ሹፌሩ ደግሞ «የሄደ መስሎኝ» አለ። እኔም ብጠየቅ «እያየኝ መስሎኝ» ነበር የምለው። ሦስት ሰው፣ ሦስት «መስሎኝ»። የቆምኩበት ቦታ ስህተት ስለነበር ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል።

ያ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ ውስጥ አስቡት። የራስ መብራታችሁ የሚያበራው ፊታችሁ ወደ ዞረበት ነው። ጀርባችሁን ከሰጣችሁ፣ ከሰል የለበሰ ጥቁር ልብስ በጥቁር ግድግዳ ላይ ናችሁ። ማታ በዘንባባዎቹ መንገድ ያለ መብራት ብስክሌት የሚያበሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። እነሱ መንገዱን ያያሉ፤ ባለ ባጃጁ ግን እነሱን አያያቸውም። ልክ እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው የሚያንጸባርቀው ጥብጣብ ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን ጀርባ፣ ክንድና እግር ላይም የሚያስፈልገው። ቆሻሻ ከሸፈነው ደግሞ ጥብጣብ አይደለም፤ ጥረጉት።

ደንቡ አጭር ነው። ማሽኑ ይቆማል። ሹፌሩ በመብራት ይመልስላችኋል። ከዚያ በኋላ ትራመዳላችሁ። ካልመለሰ አላየም።

ምልክቱ ምንድን ነው ታዲያ?

የራስ መብራትን ግራና ቀኝ መወዝወዝ «ቁም» ማለት ነው። ይህን ማንም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ ሊሰጥ ይችላል፤ ሹፌሩም ሳይጠይቅ ይቆማል። «ና» እና «ሂድ» ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ የምትገቡበትን ማዕድን ምልክት የመጀመሪያው ቀን ተማሩ። መብራቱን ሰው ዓይን ላይ አታብሩ፤ ሹፌሩን አሳውራችሁ አይቶኛል ማለት አይሆንም።

ቀበቶው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እሱም ያስፈራል?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ማሽኑ ይጮሃል፣ መብራት አለው፣ ሹፌር አለው። ቀበቶው ሹፌር የለውም። ሲይዛችሁ የሚያዝንላችሁ የለም።

እስቲ እናስላ። ቀበቶው በሰከንድ 3 ሜትር ይሄዳል እንበል። አካፋችሁ ሮለሩ ውስጥ ገባ። ደንግጣችሁ እጃችሁን እስክትለቁ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ አካፋው 1 ሜትር ተኩል ሄዷል። እጃችሁም አብሮ ሄዷል። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው እንዲህ ሲጸዳ ነው። የፈሰሰውን ከሰል በአካፋ መልሶ ለመጫን፣ የተጣበቀውን ለመፋቅ፣ ወይም ቀበቶው እየሄደ ሮለር ለማስተካከል። አንገት ላይ የተጠመጠመ ፎጣ፣ የተፈታ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ የራስ መብራት ገመድ፤ ሁሉም መግቢያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። በቀበቶው ጎን የተዘረጋውን የአደጋ ገመድ ስባችሁ ስታቆሙት ቆመ እንጂ አልጠፋም። ሌላ ሰው፣ ምናልባት ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ያለ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ መልሶ ያስነሣዋል። እሱም «ተበላሽቶ መስሎኝ» ይላል። ስለዚህ ለጽዳትም ሆነ ለጥገና ኃይሉ ከዋናው ማብሪያ ይጠፋል። ጓጉንቸር ይገባበታል። ቁልፉ በእናንተ ኪስ ይሆናል። ሦስት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ነው። «የሱ ይበቃናል» አይባልም፣ እሱ ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ከቆለፋችሁ በኋላ ለማስነሣት ሞክሩ፤ አለመነሣቱን በዓይናችሁ እዩ። ቁልቁለት ላይ ያለ ቀበቶ ደግሞ ኃይል ጠፍቶም በጭነቱ ክብደት ወደ ኋላ ሊንከባለል ይችላል፤ እሱም ይታሰራል።

በቀበቶ ላይ መሻገር ካለባችሁ ድልድይ ተሠርቶለታል። ዙሪያ ቢሆንም ዙሩ።

ቀበቶ ይቃጠላል የሚባለውስ?

ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 እንግሊዝ አገር ክረስዌል በተባለ የከሰል ማዕድን ውስጥ የተቀደደ ቀበቶ ከሰሉ ወደ ሌላ ቀበቶ በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ተሰነቀረ። ፍጭቱ አጋለው፣ ተቀጣጠለ። ጭሱ ንጹሑን አየር ተከትሎ ሠራተኛው ወዳለበት ገባ። 80 ሰው ሞተ። በቀላሉ የማይቀጣጠል ቀበቶ እንዲመጣ ትልቅ ምክንያት የሆነው ያ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ደግሞ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አራኮማ በተባለ ማዕድን መስመሩን የሳተ ቀበቶ በፍጭት ተቃጠለ። አየሩን የሚለዩ ግድግዳዎች ተነሥተው ስለነበር ጭሱ ወደ ማምለጫው መንገድ ገባ። ሁለት ሰዎች ሞቱ።

እዚህ የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ አይደለም። ቤት ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ስላልተነሡ ሰዎች ሰምታችኋል። ያው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም። ስለዚህ ሮለር ሲጮህ፣ ቀበቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ብረት ሲፈጭ፣ ወይም ሥሩ ብናኝ ተከምሮ ስታዩ «የሚመለከተው ያየዋል» ብላችሁ አትለፉ። ለተረኛው ንገሩ። ከመጠለያ ቦታ፣ ከማምለጫ መንገድና ከትንፋሽ መሣሪያችሁ አትራቁ።

ሲደክመኝ ቀበቶ ላይ ወይም ፉርጎ ላይ ብወጣስ?

አይሆንም። ሰው እንዲጭን የተሠራ ቀበቶ አለ፤ መውጫና መውረጃ መድረክ አለው። ካልተባለ በቀር የእናንተው እሱ አይደለም። ፉርጎ ላይም ሆነ ሁለት ፉርጎ በሚያያዝበት ብረት ላይ አትንጠልጠሉ። የሰው ማመላለሻው እስኪመጣ ጠብቁ። ስትሳፈሩ እጅና እግር ወደ ውስጥ፣ ዶማና መሮ ለብቻው ይጫናል፣ ሳይቆም አይወረድም። እኛ ከታክሲ ሳይቆም መዝለል ለምደናል። እዚያ ይቅር።

ሀዲድና ቁልቁለትስ?

ፉርጎ ቆሞ ሳለም አደገኛ ነው። ፍሬን ብቻ አይታመንም፤ ታኮ ይደረግለታል። ቁልቁለት ባለበት ያመለጠ ፉርጎን ከሀዲድ የሚያስወጣ ወይም የሚያግድ መሣሪያ ይተከላል። ፉርጎዎች እየተንቀሳቀሱ በመካከላቸው ገብቶ ማያያዝ ወይም መፍታት በፍጹም አይፈቀድም። ሰው ያለበት ባቡር ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 እንግሊዝ አገር ቤንትሊ ማዕድን ታይቷል፤ ከሥራ የሚመለሱ ሠራተኞችን የያዘው ባቡር ቁልቁለት ላይ አምልጦ ከሀዲድ ወጣ፣ ሰባት ሞቱ።

ጭነትም አታብዙ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለፉርጎ የተተረተ ይመስለኛል። ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላው ፉርጎ መንገድ ላይ ያፈስሳል። የፈሰሰው ሀዲድ ላይ ያርፋል። ቀጣዩ ባቡር እሱ ላይ ይወጣል። ከዚያ ሰው አካፋ ይዞ በሚመላለሱ ባቡሮች መካከል ይለቅማል።

በሊፍት መውረዱስ?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1973 በእንግሊዝ ማርካም ማዕድን፣ የማውረጃው ፍሬን አንድ የብረት ዘንግ ተሰበረ። ውስጡ ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ነበር፤ ከውጭ አይታይም። 18 ሰው ሞተ። እንዲህ ያለውን ተሳፋሪ ሊያውቅ አይችልም፤ የመርማሪው ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ትንሽ ናት፦ ከቁጥር በላይ አትግቡ፣ በሩ ሳይዘጋ አትነሡ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አትጋፉ፣ ደወል የሚሰጠውን ሰው አታዋሩት።

ሰው ሲጠጋው ማሽኑን የሚያቆም መሣሪያ አለ ይባላል። አይበቃም?

አለ። ሠራተኛው ወገቡ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይታጠቃል፤ ሲጠጋ ማሽኑ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ ይቆማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሰሉን ለሚቆርጠው ማሽን ደንብ አውጥታ አስገድዳለች። ጥሩ ነገር ነው፣ ካለ ተጠቀሙበት። ግን ባትሪው ያልቃል። ልብስ መቀየሪያው ቤት ረስተውት የሚገቡም አሉ። «ይቆማል መስሎኝ» ደግሞ ያው መስሎኝ ነው።

የናፍጣ ጭሱስ?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ መድቦታል። ሥራ ፈቶ የቆመ ሞተር ይጥፋ።

አለቃዬ «ቶሎ በል» ቢለኝ፣ ፍሬኑ የማይሠራ ማሽን ቢሰጠኝስ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስተምራችሁና መከላከያ እንዲሰጣችሁ ያስገድዳል። አንቀጽ 32 ደግሞ ደኅንነታችሁን የሚያሠጋ ቅርብ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶት በጊዜው ካላስወገደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ እንደምትችሉ ይላል። ቁም ነገሩ መናገራችሁ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። በቃል ብቻ አትናገሩ። በየፈረቃው መጀመሪያ ማሽኑን ፈትሹ፤ ፍሬን፣ መብራት፣ ክላክስ፣ ገመድ። የተበላሸውን መዝገቡ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ቀን አድርጉበት። «ፈሪ» የሚላችሁ አይጠፋም። ይበል። ፍሬን የሌለው ማሽን ላይ እሱ ይቀመጥ።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሊሄድ ተነሥቷል። ምን ልበለው?

ይህን የጠየቁኝ እናት ከሐይቁ ማዶ የመጡ ናቸው። በሕጋችን 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ሰው «ወጣት ሠራተኛ» ነው። ማዕድንን ጨምሮ ከመሬት በታች ሥራ ላይ ማሰማራት የተከለከለ ነው። እንዲያ አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዓመት ጠብቆ መሄዱ አይቀርም» አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ ነገር እስካሁን ከተጠየቅኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። «ይህ ልጅ ሲደክመው የትም ነው የሚተኛው። ታንኳ ላይ እንኳ ይተኛል። እዚያስ?»

ትክክለኛ ሥጋት ነው እናቴ፣ አልኳቸው። ሰው ምሳ በልቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ከቆመ ማሽን ሥር ወይም ከመንገዱ ዳር ጋደም ይላል። ማሽኑ ሲነሣ ሹፌሩ አያውቅም። የሚበላበትና የሚታረፍበት ቦታ የተለየ ነው፤ ማሽን የማይደርስበት። ሹፌሩም ከመነሣቱ በፊት ወርዶ ማሽኑን አንዴ ይዞረዋል፤ ከዚያ ክላክስ ያደርጋል፤ ትንሽ ጠብቆ ይነሣል። ልጅዎ የራስ መብራቱን መቼም አያጥፋ አልኳቸው፤ ሊያርፍም ቢሆን፣ ባትሪ ልቆጥብ ብሎም ቢሆን።

«መብራትህን አታጥፋ እለዋለሁ» አሉና ጀልባቸው እንዳያመልጣቸው ተነሡ።